ስለ ዓለም አጀማመር ሲጠይቋችሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሐዋሳ በሰንበት ትምህርት ቤትና በግቢ ጉባኤ ሥነ ፍጥረት የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊታችሁ የሚቀመጠው ተማሪ ቀን ፊዚክስ ሲማር ውሎ የመጣ ነው። «ሳይንስ ውሸት ነው» ብትሉት ጥሏችሁ ይሄዳል። ዓለም እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ መጣ የሚለውን የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ይዛችሁ «ቢግ ባንግ ማለት ብርሃን ይሁን የተባለው ነው» ብትሉት ደግሞ ደስ ይለዋል፤ የባሰው ጉዳት ግን ይሄኛው ነው።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። አባቶቻችን እንዳስተማሩን እሑድ ከተፈጠሩት ስምንቱ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ መሬት፣ ጨለማ፣ ሰማያትና መላእክት በአርምሞ (በዝምታ) ተፈጠሩ፤ ብርሃን ስምንተኛ ሆኖ በነቢብ (በቃል) ተፈጠረ። በቢግ ባንግ ግን ውኃ የሚገኘው ከብርሃን እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ኦክስጅን የሚሠራው በከዋክብት ውስጥ ነውና። ሁለቱን በግድ ያጋጠመ መምህር አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህን ያነሣበት ዕለት መልስ ያጣል። የሐሳቡ አባት፣ ቤልጂየማዊው ካህን ዦርዥ ለሜትር እንኳ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው ይል ነበር።

የቢግ ባንግ ተፎካካሪ ሐሳቦችንም እወቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሳይንቲስቶቹ ሆይል፣ ቦንዲና ጎልድ «ዓለም መጀመሪያ የለውም፤ እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ቁስ እየተገኘ ክፍተቱን ይሞላል» አሉ። ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በነበረው አንቴናቸው ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ አስቸገራቸው፤ የእርግብ ኩስ ሳይቀር ጠረጉ፣ አልጠፋም። በ1965 ይፋ ሲሆን ከፍጹም ዜሮ 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ያለ፣ የጥንቱ ግለት ቅሪት ሆኖ ተገኘ። የእነ ሆይል ሐሳብ ይህን አጥጋቢ አድርጎ ማስረዳት ስላቃተው አብዛኛው ሳይንቲስት ተወው። ዓለም እየሰፋና እየተኮማተረ ይደጋገማል የሚሉም አሉ። የፊዚክስ ሊቁ ቶልማን በ1930ዎቹ እንዳሳየው በየዙሩ ኢንትሮፒ (የሥርዓት አልባነት መጠን) ስለሚከማች ዙሮቹ እየረዘሙ ይሄዳሉ፤ ወደ ኋላ ሲቆጠሩ ያጥራሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያው ይጠብቃል። በ1983 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሃርትልና ሆኪንግ ያቀረቡት ሐሳብ ደግሞ ጊዜ የመነሻ ጠርዝ የለውም ይላል።

ተማሪው የትኛውንም ቢያነሣ «ይህ ሐሳብ ሲጀምር ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁስ፣ ኃይል፣ ቢያንስ የተፈጥሮ ሕግ ታገኛላችሁ። የእኛ ትምህርት እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ ነው፤ ቁሱንም ሕጉንም ጊዜንም ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣ እግዚአብሔር ነው፤ ይህንንም የምናስተውለው በእምነት ነው (ዕብ. 11፥3)። ስለ ኢንትሮፒ ጠልቆ ከጠየቀ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ላኩት፤ ጥያቄውን ግን በጉባኤ ፊት አታፍኑበት።