ገነትና መንግሥተ ሰማያት በወሎ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገነትና መንግሥተ ሰማያት አንድ ቦታ አይደሉም። ገነት የጻድቃን ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ እስከ ትንሣኤ ሙታን የምትቆይበት ማረፊያ ነው፤ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለውም (ሉቃ. 23፥43) ለዚሁ ነው። መንግሥተ ሰማያት ግን ከዳግም ምጽአት በኋላ ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው የሚወርሱት ነው፤ «የተዘጋጀላችሁን መንግሥት ውረሱ» የሚለው ቃል (ማቴ. 25፥34) ለፍርድ ቀን የተነገረ ነው። የገነት ተቃራኒ ሲኦል፣ የመንግሥተ ሰማያት ደግሞ ገሃነመ እሳት ነው። ብዙ ሰው የሚያምታታው እነዚህን ጥንዶች ነው።

ላስታ ላሊበላ ላይ ይህ ትምህርት በዓለት ይታያል። ከዓለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በምሥራቁ ምድብ፣ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አካባቢ፣ ብርሃን የማይገባበት ዋሻ «ሲኦል» ይባላል፤ የሚያልፍ ሰው ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። እዚያው አጠገብ ጠባቡ የዓለት መወጣጫ የገነት መንገድ ተብሎ ይታወቃል። ገሃነም አለመባሉ ልብ ይሏል፤ ከሲኦል ወደ ገነት መሻገር ክርስቶስ አዳምን ያወጣበት መንገድ ነውና፣ ከገሃነም ግን መውጫ የለም። የአዳም መቃብር የሚባለውም በዚያው ከተማ በመጀመሪያው ምድብ ይገኛል።

ስለዚህ ሰባኪ አስተምሮ ሲጨርስ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ይባላል፤ ለሞተ ሰው ግን «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» ነው። ፍትሐቱም፣ የ40ና የ80 ቀን መታሰቢያውም ነፍስ ገና ፍጻሜዋን ባልያዘችበት ጊዜ ስለሚደረግ ትርጉም አለው። «መንግሥተ ሰማያት ገብቷል» ማለት ፍርዱን መቅደም ነው።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በተዛመደበት ወሎ ሌላ መጠንቀቂያም አለ። ሙስሊሙ «አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቀው» ሲል፣ ጀነት በድምፅ ገነትን ቢመስልም በእስልምና ከቂያማ (ከትንሣኤና ከፍርድ ቀን) በኋላ የሚገባበት ዘላለማዊ መኖሪያ ነው፤ ፊርደውስም ከፍተኛው ደረጃው። ከሞት እስከ ቂያማ ያለው ቆይታ በርዘኽ ይባላል። ስለዚህ ጀነት በጊዜው የሚቀርበው ለመንግሥተ ሰማያት እንጂ ለገነት አይደለም። ለክርስቲያን ሟች «ነፍስ ይማር»፣ ለሙስሊም ሟች «አላህ ይዘንለት»፣ የሁለቱም ወገን ዘመድ በተቀመጠበት ድንኳን ለቤተሰቡ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ቢባል ማንንም አያስቀይምም።