ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ

አባባሉ አራት ቃል ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የለውም። ተልባው ሙቀጫ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አልተነገረም። «ይወቀጣል» ወይም «ዝም ይላል» ብሎ የሚጨርሰው ሰሚው ነው። «ንጫጫ» እና «ሙቀጫ» ቤት ስለሚመቱ ደግሞ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። ትርጉሙ ባጭሩ፣ ደካሞች ቁጥራቸው ቢበዛ፣ ጩኸታቸው ጆሮ ቢያደነቁር፣ አንድ ብርቱ ባንድ ጊዜ ጸጥ ያሰኛቸዋል ነው። ተራቹ ምንጊዜም ራሱን ከሙቀጫው ወገን ያቆማል፤ እኔ ተልባ ነኝ ብሎ የሚተርተው የለም።

እስከዚህ ያለውን ማንም ያውቀዋል። ተረቱ ግን የተወለደው ማጀት ውስጥ ነው፤ ተልባ ቆልቶ የወቀጠ ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ያገኝበታል።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። አንዳንዱ «ተልባ ቢንጣጣ» ይላል፤ ቤቱ ግን ይሰበራል። መንጣጣት ምጣድ ላይ ያለ እህል ድምፅ ነው፤ «ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ» የሚለው ተረት ትክክለኛ ቦታው ላይ ያዋለው ያንን ነው። እሳቱ ላይ የተጣደው ምጣድ ሳለ ዳር የተቀመጠው እንቅብ ሲንጣጣ፣ ባለጉዳዩ ዝም ብሎ የማይመለከተው ሰው ሲጮህ ማለት ነው። መንጫጫት ግን የወፍና የሕፃናት ነው፤ ብዙ ትንንሽ አፍ አንድ ላይ ሲከፈት የሚሰማው። ተረተኛው ከሁለቱ የመረጠው የኋለኛውን ነው፤ ቤት እንዲመታለት ብቻ አይመስልም። ተልባን በመጀመሪያ ባለ አፍ አድርጎ ካልሳለው ሙቀጫው ዝም የሚያሰኘው አካል አይኖርም።

ለምን ተልባ? ለምን ሽምብራ ወይም ገብስ አልሆነም? ከማጀት እህል ሁሉ ተልባን የሚያህል ትንሽም፣ ብዙም የለም ለማለት ይቻላል። ጤፍ ይበልጥ ያንሳል፤ ነገር ግን ጤፍ በሙቀጫ አይወቀጥም፣ ተቆልቶም እንደ ተልባ አይጮህም። አንድ ኪሎ ተልባ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ፍሬ አለ። እያንዳንዷ ፍሬ ልሙጥ፣ ጠፍጣፋና አንሸራታች ናት፤ እጅ ውስጥ ሲዘግኑት እንደ ውሃ በጣት መካከል ይፈሳል። ቅርፊቷ ውስጥ ያለችው ጥቂት እርጥበት ምጣድ ላይ ስትግል ወደ እንፋሎት ትለወጥና መውጫ ስታጣ ቅርፊቱን ሰንጥቃ ትወጣለች። ጠቅ የምትለው ያኔ ነው። ይህ በሺህ ሲባዛ ምጣዱ ሙሉ በሙሉ ይንጫጫል፤ ፍሬውም እየዘለለ ከምጣዱ ይወጣል። ገብስ ሲቆላ ድምፁ ይቆጠራል፤ የተልባውን መቁጠር አይሞከርም።

በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ማሳዎች፣ ተልባ ከሰማያዊ አበባው ይታወቃል። አበባው ጠዋት ፈክቶ ከቀትር በኋላ ይረግፋል። ማጀት የሚደርሰው ግን ፍሬው ነው፤ ዋና ጊዜውም ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፣ ከነሐሴ 1 የሚያዘው ፍልሰታ፦ በነዚህ ሁሉ ቅቤና ወተት በሌሉበት ገበታ ላይ ቅባት የሚሰጠው ተልባ፣ ኑግና ሱፍ ነው። ተልባ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ዘይት ነው፤ ሙቀጫው ላይ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሠራሩን ከመጀመሪያው እንያዘው። ተልባ አይታጠብም። ጀማሪ መጀመሪያ የሚስተው እዚህ ነው፤ እንደ ምስር አጥባዋለሁ ብሎ ውሃ ሲያስነካው ቅርፊቱ ልጋግ ያወጣና ፍሬው ሁሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድቡልቡል ይሆናል። ይህ ዳግመኛ አይላቀቅም፤ ቢደርቅ እንኳ ሲቆላ አንዱ ጎን ያርራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ ጽዳቱ በደረቁ ነው። በሰፌድ ይበጠራል፣ ገለባው ከወጣ በኋላ ይንገዋለልና ጠጠሩ ዳር ሲይዝ በእጅ ይለቀማል። ተልባ ውስጥ የገባች ጥቁር ጠጠር ከፍሬው ጋር ስለምትመሳሰል ለቀማው በቀን ብርሃን ቢሆን ይመረጣል። አቧራው ካልለቀቀ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አሽቶ እንደገና ማበጠር ነው።

ቀጥሎ ምጣዱ። የሸክላ ምጣድ ከሆነ መካከለኛ ፍም ይበቃዋል፤ ነበልባል አያስፈልግም። ተልባው በስሱ ይበተናል፤ ከአንድ ጣት ውፍረት ካለፈ የታችኛው ሲያር የላይኛው ገና አይሞቅም። አንድ ብርጭቆ ተልባ በአንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ሁለት ኪሎ ካለ ሁለት ኪሎውን በየተራ መቁላት እንጂ ማከማቸት አያዋጣም። እጅ ሳያርፍ በማማሰያ ይታመሳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ይልና አንድ ሁለት ጠቅታ ይሰማል፤ ከዚያ ይንጫጫል። መጠንቀቅ ያለበት አሁን ነው። ጩኸቱ ጨርሶ እስኪቆም የሚጠብቅ ሰው አሳርሮታል። ጩኸቱ ጣራ ነክቶ መብረድ ሲጀምር፣ ሽታው እንደ ለውዝ ሲያውድ፣ ቀለሙ ጥቂት ብቻ ሲጠቁር ወዲያው ወደ ሰፌድ ይገለበጣል። ከእሳት አውርዶ ምጣዱ ላይ መተው ዋጋ የለውም፤ ሸክላ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ መቁላቱን ይቀጥላል። ያረረ ተልባ ይመራል፤ ምሬቱንም ጨውም ሆነ ማር አይሸፍነውም። መብሰሉን ለማወቅ አንዲት ፍሬ በጥርስ ሲነክሷት ፍርክስ ማለት አለባት፤ ከተለጠጠችና ጥርስ ላይ ከተጣበቀች ጥሬ ናት።

ሙቀጫው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ግን በአንድ ሁኔታ፣ ተልባው ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ። ትኩሱን የወቀጠ ሰው ዱቄት ሳይሆን ሊጥ ያገኛል፤ የሞቀ ዘይት ፈጥኖ ይወጣና ዱቄቱን አጣብቆ ሙቀጫው ሥር ይደነድናል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ይቆይ። ሙቀጫው ከሲሶ በላይ አይሞላም። ዘነዘናው መጀመሪያ በቀስታ ይወርዳል፤ ፍሬው ሲሰባበር መበርታት ይቻላል። ረጅም ጊዜ አከታትሎ መውቀጥ እንደገና ዘይቱን ስለሚያወጣው ጥቂት ወቅጦ መንፋት፣ ወንፊት ላይ የቀረውን መልሶ መውቀጥ ይሻላል። በብሌንደር የሚፈጭም በአሥር አሥር ሰከንድ እያቋረጠ ይፍጨው፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ጥሬ ተልባ ሙቀጫ ውስጥ ቢጨመርስ? ተረቱን በደንብ የሚያስረዳው ይህ ጥያቄ ነው። ጥሬው አይወቀጥም። ዘነዘናው ሲወርድ ፍሬው ይንሸራተታል፤ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከሙቀጫው አፍ ይዘልላል። ሩብ ሰዓት ተደክሞበት ግማሹ ሙሉ ፍሬ ሆኖ ይገኛል። ሙቀጫው የሚያሸንፈው እሳት አስቀድሞ ቅርፊቱን የሰነጠቀለትን ተልባ ነው። ጩኸቱም ቢሆን የምጣዱ ነበር፤ ሙቀጫ ውስጥ የገባ ተልባ አይንጫጫም፣ የሚሰማው የዘነዘናው ድምፅ ብቻ ነው። ተረቱ ሁለቱን ሥራ አንድ አድርጎ ሙቀጫውን ብቻ አመሰገነ። ተልባ ለምን እንደሚንጫጫም አልጠየቀም፤ እሳቱን ከታሪኩ አውጥቶታል። ከላይ ሆነው የሚተርቱት ሰዎች ይህን ተረት የሚወዱት ለዚህ ይመስለናል።

አጠቃቀሙም ይህንኑ ያሳያል። ቤት ውስጥ ሲነገር ቀልድ ነው። ልጆች ተሰብስበው «ዛሬ አንተኛም» እያሉ ሲያስቸግሩ አያት «ተልባ ቢንጫጫ» ብለው እዚያው ያቆሙታል፤ ቀሪውን ልጆቹ ያውቁታል፣ እየሳቁም ቢሆን ይተኛሉ። ጉባኤ ላይ ሲነገር ግን ዛቻ ነው። ብዙ ሰው ቅሬታ ባሰማበት ቦታ ይህን የሚተርት ሰው «ቁጥራችሁን አልፈራም» ብቻ አይደለም ያለው፤ «ፍሬ ናችሁ፣ እወቅጣችኋለሁ» ብሏል። ስለዚህ ዕድር ላይ፣ ሽማግሌ ፊት፣ በዕርቅ ቦታ አይተረትም። ለታላቅ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይባልም፤ አባባ ወይም እትዬ የሚሉትን ሰው ተልባ ማለት ይሆናልና። የሚያዋጣው በሌሉበት ስለሌሎች ሲያወሩ ወይም ራስ ላይ በቀልድ ሲያዞሩት ነው።

መልሱም ያው ከተረት ወገን ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ሁለቱ ስለ ብዙ ትንንሾች ተቃራኒ ነገር ይናገራሉ። የሚገርመው ግን ድሩ ያለው ተልባው ውስጥ ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የተባለው ጨርቅ የሚፈተለው ከዚሁ ተክል ግንድ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚፈለገው ፍሬው ስለሆነ ግንዱን ማንም አይፈትለውም። ዱቄቱም ቢሆን ውሃ ሲነካው ይሳሳባል፤ ማንኪያ ሲያነሡበት ክር ይመዝዛል።

ይህ ክር ፍትፍቱ ላይ ይጠቅማል፣ ያበላሻልም። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ግማሽ ብርጭቆ ተልባ ተቆልቶ ይወቀጣል። በሦስት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይበጠበጣል፤ ውሃው ባንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ዱቄቱ ይጓጉላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የፈለጉትን ያህል በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ፣ ደቅቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። አሥር ደቂቃ ሲቀመጥ ይወፍራል፤ ስለዚህ ሲበጠበጥ ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ሙቅ ውሃ ከተጠቀሙ ልጋጉ ይበረታና ጉሮሮ የሚያልፍ አይሆንም። ሦስት እንጀራ ተቆርሶ የሚገባው ሊበላ ሲል ነው፤ ቀድሞ የተፈተፈተ እንጀራ ውሃውን ጠጥቶ ቡኮ ይመስላል። አንድ ቀን ያደረ እንጀራ ከትኩሱ ይሻላል፣ ቶሎ አይሟሟም።

ለፋሲካ ሌሊት የሚዘጋጀው ሌላ ነው። 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልነካው ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ በድንገት እንዳይወርድበት፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ አስቀድሞ ተልባ ይጠጣል። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ተበጥብጦ ጥቂት ይቆይና በቀጭን ወንፊት ወይም በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠለላል፤ ገለባው ይቀራል፣ ልጋጉና ዘይቱ ይወርዳል። ማር የሚገባው ከተጠለለ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከገባ ወንፊቱ ላይ ተይዞ ይባክናል። ዱቄቱን ለዚህ ሌሊት ብሎ ከሳምንት በፊት መውቀጥ ስሕተት ነው። የተወቀጠ ተልባ ዘይቱ አየር ስለሚያገኘው በጥቂት ቀን ይሸታል። ፍሬው ግን ሳይቆላ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል፤ ቅዳሜ ቀን ቆልቶ ማታ መውቀጥ ይበቃል።

ሙቀጫውስ? ተልባ የተወቀጠበት ሙቀጫ ወዲያው በውሃ አይታጠብም፤ እንጨቱ ላይ የቀረው ዱቄት ልጋግ ሆኖ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። አስቀድሞ አንድ እፍኝ ደረቅ ዱቄት ወይም ጨው ተጨምሮ በዘነዘናው ይታሽና ዘይቱን ጠጥቶ ሲወጣ ይደፋል፤ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፤ ሙቅ ውሃ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያም አፉ ተዘቅዝቆ ይደርቃል። ይህን ያልጠበቀ ቤት ለበዓሉ ቡና ሲወቅጥ ከቡናው ጋር የሻገተ ተልባ ይሸተዋል።