የእንፋሎት ባቡር ኢንጀክተር ምንድን ነው? ውሃ አልስብ ሲልስ?

ኢንጀክተር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የመኪናው ነው፤ ነዳጅ የሚረጨው። የእንፋሎት ባቡሩ ግን ሌላ ዕቃ ነው። ሥራው ከታንክ ውሃ ስቦ እየፈላ ወዳለው ቦይለር (ውሃው እየፈላ እንፋሎት ወደሚሆንበት ጋን) ማስገባት ነው።

ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። የቦይለሩ ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት አምስትና ስድስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ወደዚያ ውሃ ለማስገባት ደግሞ ከዚያም የበለጠ ግፊት ያስፈልጋል። ድሮ ይህን የሚሠራው ከባቡሩ እንቅስቃሴ ጉልበት የሚያገኝ ፓምፕ ነበር። ባቡሩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። ውሃ ካነሰ ሎኮሞቲቩን (ባቡሩን የሚጎትተውን ክፍል) ሐዲዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ግድ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ዢፋር እ.ኤ.አ. በ1858 ፓተንት ያወጣበት ኢንጀክተር ከዚህ ጣጣ ገላገላቸው።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ አሠራሩ ነው። ቦይለሩ በራሱ እንፋሎት ለራሱ ውሃ ይቀዳል! ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ተከታትለው የተደረደሩ ሾጣጣ ኖዝሎች፣ ማለትም ውስጣቸው የሚጠብ ወይም የሚሰፋ አጫጭር ቱቦዎች ናቸው። እንፋሎቱ በመጀመሪያው ኖዝል ሲያልፍ ፍጥነቱ እጅግ ይጨምራል። ቀጥሎ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይገናኝና ወዲያው ራሱም ውሃ ይሆናል። እንፋሎት ውሃ ሲሆን ቦታው በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚቀንስ ባዶ ክፍተት ይፈጠራል፤ ውሃውንም ይስበዋል። ፍጥነቱን የወረሰው ውሃ እየሰፋ በሚሄደው የመጨረሻ ኖዝል ሲያልፍ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጣል። በዚያ ግፊት ቼክ ቫልቩን (ውሃ ወደ ቦይለሩ አሳልፎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን) ገፍቶ ይገባል።

እንግዲህ ቁልፉ እንፋሎቱ ወዲያው ውሃ መሆኑ ነው። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ይሄ ሲደናቀፍ ነው።

ችግሩን ለማወቅ መጀመሪያ ከሥር ያለውን የትርፍ ውሃ ቱቦ እዩ። ኢንጀክተሩ በደንብ ሲይዝ ቱቦው ይደርቃል፣ ድምፁም ወጥ ይሆናል። ውሃ ብቻ እየተንጠባጠበ ከሆነ የውሃው ቫልቭ በዝቷል፤ ትንሽ ዝጉት። እንፋሎት እየተነፋ ከሆነ ግን ወይ ውሃው አንሷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ሙቀት አለ።

ሙቀቱ ነው ብዙ ሰው የሚያስቸግረው። የታንኩ ውሃ ከሞቀ እንፋሎቱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ወይም ቼክ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ከቦይለሩ የሚመለሰው ትኩስ ውሃ ኢንጀክተሩን ያግለዋል። ያኔ እንፋሎቱን ደጋግሞ መክፈት ይብሱን ያሞቀዋል። እንፋሎቱን ዘግታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እንዲያልፍበት አድርጉ፤ ከውጭም ውሃ አፍስሱበት። ቼክ ቫልቩን በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግም ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ውሃው ጭራሽ ካልመጣ የታንኩን ወንፊት ፈትሹ፤ ቆሻሻ ይደፍነዋል። መሳቢያው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ላልቶ አየር ካስገባም መሳብ ያቅተዋል። ይህ ከታንኩ በላይ በተገጠመ ኢንጀክተር ላይ ይብሳል። በጊዜ ብዛት ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ኖዝሎቹን ያጠባል። መፍትሔው ፈትቶ ቀለል ባለ አሲድ መዘፍዘፍ ነው። በሽቦ መፋቅ ግን አይሆንም፤ ኖዝሉ ከተጫረ ልኩ ይበላሻል።

ሎኮሞቲቭ ላይ ቦይለሩን የሚመግቡ ሁለት መሣሪያዎች የሚደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከምድጃው በላይ ያለው ብረት ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት፤ ከተጋለጠ ግሎ ይለሰልሳል፣ ቦይለሩም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አንዱ እምቢ ካለ በሌላው እየሞላችሁ በእርጋታ ጠግኑት። ሁለቱም እምቢ ብለው በመለኪያው መስታወት የሚታየው ውሃ መውረድ ከጀመረ ግን ጥገናውን ተዉት። ባቡሩን አቁሙ፣ እሳቱንም ቶሎ አውጡ። ብዙ ቦይለሮች ምድጃው ጣሪያ ላይ መሃሉ በእርሳስ (ሊድ በሚባለው ብረት) የተሞላ የብረት መወተፊያ አላቸው። እርሳሱ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጥና እንፋሎት ወደ እሳቱ ይለቃል። እሱ ሲቀልጥ ግን ውሃው ከጣሪያው በታች ወርዷል ማለት ነው፤ እሳቱ መውጣት የነበረበት ከዚያ በፊት ነው።