ሆሎታይፕ ማለት «ምርጡ ናሙና» ማለት አይደለም

ሐዋሳ ባዮሎጂ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ የአንዲት ትንሽ የጫካ እንጉዳይ የናሙና መዝገብ ሲያነብ «ሆሎታይፕ» የሚል ቃል ገጠመው። «ከሁሉ የሚያምረው ናሙና ማለት ነው አይደል?» አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም።

ሆሎታይፕ የዝርያው ስም የታሰረበት አንድ ናሙና ነው። የተጨማደደ ወይም ነፍሳት የበላው ሊሆን ይችላል። ሥራው ስሙን መያዝ ነው። ነገ ያ ዝርያ ሁለት ሆኖ ቢገኝ፣ የድሮው ስም ሆሎታይፑ ወዳለበት ወገን ይሄዳል። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ የዕፅዋት ወይም የፈንገስ (እንጉዳይ የሚመደብበት ወገን) ዝርያ ስም ሲወጣ ይህን ናሙና ማመልከት ግዴታ ነው። ለፈንገስ ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የምዝገባ ቁጥርም ያስፈልጋል። «አይሶታይፕ» የሆሎታይፑ መንታ ነው፤ አብሮት የተለቀመ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ተቋም የሚቀመጥ።

ወንዶ ገነት ጫካ ሄዳችሁ የምስማር ራስ የምታክል እንጉዳይ ብታገኙ፣ ስትደርቅ ቀለሟም ሽታዋም ይለወጣል። ስለዚህ ትኩስ ሳለች ቀለሟን፣ ሽታዋን፣ የበቀለችበትን እንጨት ጻፉ። ቀኑንና ቦታውንም። እኔ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከናሙናው እኩል ነው የማያት። እባካችሁ አትለያዩአቸው።