የጥድ ሶፍላይ ምንድን ነው? አባጨጓሬስ ነው?

በአውሮፓ ጥድ ላይ አረንጓዴ ትል በታየ ቁጥር «አባጨጓሬ ነው፣ ቢቲ ርጩበት» የሚል ምክር ይሰጣል፤ ቢቲ ከባክቴሪያ የሚሠራ ፀረ ተባይ ነው። ይህ ምክር ተክሉን ያስበላል። የሀበሻ ጥድ ዘመድ በሆነው በዚሁ የአውሮፓ ጥድ (ጁኒፐረስ ኮሙኒስ) ቅጠል ላይ የሚያድገው ሞኖክቴነስ ጁኒፔሪ የተባለው ነፍሳት ሶፍላይ ነው፤ ወገኑ ከንብና ከተርብ እንጂ ከቢራቢሮ አይደለም። ሴቷ መጋዝ በሚመስል አካሏ ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላል ትጥላለች፤ አትናደፍም።

«ሁለቱም ትል ናቸው፣ ልዩነቱ ለምሁራን ነው» ለሚሉት፦ የሌሊት ወፍም ትበራለች፣ ስሟም ወፍ ነው፣ ግን ወልዳ ታጠባለች። እንቁላሏን ሰብሮ ሊያጠፋት ጣሪያ የሚፈትሽ ሰው ምንም አያገኝም። ይባስ ብሎ እንቁላል ስላጣ «ጠፍታለች» ብሎ ይወርዳል። በቢቲም የሚሆነው ይኸው ነው። ኩርስታኪ የሚባለው የቢቲ ዝርያ የሚገድለው የቢራቢሮንና የእሳት እራትን እጭ ነው፤ ሶፍላይን አይነካውም። እጩ ጠግቦ ኮኩን (የሚጠቀለልበትን ሽፋን) ሊሠራ ከቅጠሉ ሲወርድ ግን የረጨው ሰው «ሠራልኝ» ይላል። ጥድ ደግሞ ከተራቆተ አሮጌ ቅርንጫፍ መልሶ አያቆጠቁጥም።

ስለዚህ ከመርጨት በፊት እግር ይቆጠር። ከደረቱ ሦስት ጥንድ እግሮች ኋላ፣ ሆዱ ላይ ያሉትን ለስላሳ እግሮች ብቻ ቁጠሩ፦ አምስት ጥንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ የእሳት እራት፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሶፍላይ። የጥዱ ሶፍላይ ስምንት ጥንድ አለው። ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጡ ነፍሳት በሁለቱም ወገን ስላሉ፣ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ዓይኑንም እዩ፦ የሶፍላይ እጭ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ብቻ አለው፤ የእሳት እራት እጭ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ስድስት። ቅጠሉ በድር ተጠቅልሎ ከሆነ የእሳት እራት ሥራ ነው፤ ያኔ ቢቲ ተገቢ ነው።

ሶፍላይ ከሆነና ቁጥቋጦው ትንሽ ከሆነ፣ ከሥሩ ጨርቅ ዘርግቶ ማራገፍ ይበቃል። ፀረ ተባይ ሳሙና ትንንሾቹን እጮች ይገድላል፣ ግን ፈሳሹ ራሱ ትሉን ካልነካ ዋጋ የለውም። ስፒኖሳድ የተባለው ፀረ ተባይም ይሠራል፤ ሳይደርቅ ንብ ስለሚገድል አበባ አጠገብ ከሆነ ሲመሽ ይረጭ። ትል ሳይኖር የቅርንጫፍ ጫፍ ብቻ ከደረቀ ፈንገስ ሊሆን ይችላልና ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት አትርጩ።