«ቤት መታ» ማለት ብቻውን ግጥም አያደርገውም

ብዙ ሰው ግጥም ሲባል መጨረሻው የሚመሳሰል ስንኝ ይመስለዋል። ቤት መምታት ይሄ ነው። ጆሯችንን ይዞ የሚሄደው ግን ምጣኔው ነው፤ ማለትም በስንኙ ውስጥ ያሉት ድምፆች በቁጥር ተመጥነው መሄዳቸው።

ሰውን የሚያደናግረው ቆጠራው ላይ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፊደል እየቆጠርኩ ግራ ይገባኝ ነበር። የሚቆጠረው በአፍ የሚወጣው ቀለም ነው፤ ቀለም ማለት ሲነገር በአንድ ጊዜ ተጣምሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንይ። «ያልጠረጠረ» ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው። ሲነገር ግን «ል» ከ«ያ» ጋር ተጣብቃ አምስት ቀለም ይሆናል፤ ያል-ጠ-ረ-ጠ-ረ። «ተመነጠረ»ም አምስት ነው። 5 በ5 የሚሄደው ምጣኔ ሰንጎ መገን ይባላል።

በጣም የተለመደው 6 በ6 ነው፤ ለዚህም የወል ቤት ተባለ። «ቅኔው ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት» በሉና ድምፅ አውጥታችሁ ሞክሩት። ቅ-ኔው-ቢ-ጎድ-ል-በት፣ እዚህ ላይ ትንፋሽ፣ ቀ-ረር-ቶ-ሞ-ላ-በት። ያቺ መሀል ላይ ያለችው እረፍት ጆሮን ታስጠብቃለች። የመጀመሪያው ግማሽ ጥያቄ ይመስላል፣ ሁለተኛው መልስ። በዝምታ ካነበባችሁት ግን ይህ ሁሉ ያመልጣል።

4 በ4ን የማያውቅ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ስሙ ራሱ የቡሄ በሉ ቤት ነው። ቡ-ሄ-በ-ሉ፣ ሆ-ያ-ሆ-ዬ። አጭር ስለሆነ ዱላው መሬት ሲመታ አብሮ ይመታል፤ ቀስ ብላችሁ ልበለው ብትሉ እንኳ እምቢ ይላል።

አንዳንድ ገጣሚ ቀለም ለመሙላት ብቻ «እኮ» እና «እንዲያው» ይጨምራል። ይህ ወዲያው ይታወቅበታል።