የቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም ምርመራ፦ ከባክቴሪያው ይልቅ መርዙን መፈለግ

ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሚያመነጩት መርዝ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ከመጣ ግን በጣም ይፈጥናል። ዋናዎቹ አምጪዎች ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ እና ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ናቸው። ስሙን ያወጡለት አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ጄምስ ቶድ እና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በ7 ልጆች ላይ ያዩትን ጽፈው አወጡ። በ1980 አሜሪካ ውስጥ ከታምፖን (በወር አበባ ጊዜ ብልት ውስጥ ከሚገባ የደም መምጠጫ) ጋር ተያይዞ ብዙ ሴቶች ታመሙ። ሬላይ የተባለው ታምፖንም በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ። በሽታው ግን የሴቶች ብቻ አይደለም። ከቀዶ ሕክምና ቁስል ወይም ከቃጠሎም ሊነሳ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር በጊዜ መለየቱ ነው። ትኩሳት፣ ሽፍታና የደም ግፊት መውረድ በሌላ በሽታም ይታያሉ። ከመለያ ምልክቶቹ አንዱ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ መላጥ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። ያኔ ለታማሚው ምን ይጠቅመዋል?

የደም ካልቸርም፣ ማለትም ከደም ናሙና ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት፣ ቀናት ይፈጃል። በስታፊሎኮከስ በሚመጣው ዓይነት ባክቴሪያው ደም ውስጥ የሚገኘው ከ100 ታማሚዎች ከ5 ባነሱት ላይ ነው። ራሱ ቁስሉ ላይ ተቀምጦ መርዙን ብቻ ወደ ደም ይለቃል። ቁስሉ ላይ ቢገኝም ነገሩ አያልቅም፤ ይኸው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት መርዝ ያመነጫል ወይ የሚለው ነው።

ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ እዚህ ላይ ያግዛል። ቲኤስኤስቲ-1 የተባለውን መርዝ የሚሠራውን ጂን በሰዓታት ውስጥ ያገኛል። ጂኑ አለ ማለት ግን መርዙ እየተመረተ ነው ማለት አይደለም።

በእኔ እይታ ትልቁን ተስፋ የሚሰጠው የታማሚውን ነጭ የደም ሴሎች ማየት ነው። ይህ መርዝ ሱፐርአንቲጂን ይባላል። የተለመደ ባዕድ ነገር ከ10,000 ቲ ሴሎች (የነጭ የደም ሴል ዓይነት ናቸው) 1 እንኳ ላይቀሰቅስ ይችላል። ሱፐርአንቲጂን ግን ከ100 ቲ ሴሎች እስከ 20 እና ከዚያም በላይ ይቀሰቅሳል። ቲኤስኤስቲ-1 የሚመርጠው ቪ ቤታ 2 የተባለውን የቲ ሴሎች ቡድን ነው። የዚህ ቡድን ብቻ መብዛት ጠንካራ ፍንጭ ይሆናል። የሚቆጠረው በፍሎ ሳይቶሜትሪ ነው፤ በኤችአይቪ ክትትል ሲዲ4 የሚቆጠርበት ዘዴ ማለት ነው። ናሙናው በጣም ቀድሞ ከተወሰደ ግን ጭማሪው ላይታይ ይችላል።

ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም። ታምፖን ካለ ይወጣል፣ ቁስሉ ይጸዳል፣ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። ከሌላ አንቲባዮቲክ ጋር የመርዙን ምርት የሚቀንሰው ክሊንዳማይሲን ይጨመራል። የላብራቶሪው ጥቅም ከዳኑ በኋላም ይቀጥላል። ብዙ አዋቂዎች ለቲኤስኤስቲ-1 ፀረ እንግዳ አካል አላቸው። ታመው ድነውም የማያፈሩ አሉ፤ እነሱን በሽታው ተመልሶ ሊይዛቸው ይችላል። በዚህ ሕመም ያለፈች ሴት ዳግም ታምፖን እንዳትጠቀም የምትመከረውም ለዚህ ነው።